ባሏን ቀብራ ገና ስላላገባችው ንግሥት

ረቡዕ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ። ነፋስ አለ፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ሊዘንብ እያለ አይዘንብም። በክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔ፣ ታላቅ እህቴ እና የእህቴ የሥራ ባልደረባ ነን።

ለተከበሩ የፊልም ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ደህና ነን። ባለፈው ወር ወገብዎን አሞዎት እንደነበር ሰምተን ከልብ አዝነናል፤ ብዙ መቀመጥ ወገብን እንዴት እንደሚጎዳ፣ ድርጅትዎ ለሰባት ዓመት ቁጭ ብለው እንዲጠብቁት ካደረጋቸው ሁለት ሴቶች በላይ የሚያውቅ የለምና።

እኔ በቤቴ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምሰፋ ሴት ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ጨርቅ ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ዐረፍተ ነገሬ መሀል ላይ ቢቀደድ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በታሪክ ፊልምዎ ውስጥ ንግሥቲቱን የምትጫወተው ታላቅ እህቴ ናት። የንግሥቲቱን ባላንጣ የምትጫወተው፣ ሰፈሩ ሁሉ “ምቀኛዋ” የሚላት ሁለተኛዋ መሪ ተዋናይት ደግሞ አሁን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። በፊልሙ አንዷ በሌላዋ ጽዋ ውስጥ መርዝ ትጨምራለች፤ እኛ ቤት ግን በአንድ ማበጠሪያ ይበጠራሉ።

እንድጽፍልዎ ያስገደደኝ ጉዳይ አጭር ነው። ቴአትር ቤቱ ለእህቴ ዋናውን ሚና ሰጥቷታል፤ ፀጉሯን ተላጭታ ከእስር ቤት የምትወጣ ሴት ናት። ልምምዱ ዓርብ ይጀመራል፤ የቴአትሩ አዘጋጅም “ዓርብ ካልመጣሽ ሌላ አስገባለሁ፣ እንዳትቀየሚኝ” ብሏታል። ከድርጅትዎ ጋር የፈረመችው ውል ግን ቀረጻው እስኪያልቅ ድረስ ፀጉሯን እንዳትቆረጥ፣ እንዳትወፍር፣ ፊቷን ፀሐይ እንዳያገኘው፣ በሌላ መድረክም እንዳትታይ ያዝዛል። ዛሬ ጠዋት ፈቃድ ለመጠየቅ ቢሮዎ ሄዳ ነበር፤ የሆነውን ከታች እጽፋለሁ። ከተመለሰች ጀምሮ ከበሩ እስከ መስኮቱ ትመላለሳለች። እኔም አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ምቀኛዋ ብቻ “ንግሥቴ፣ ተቀመጪ እንጂ፤ ወለሉ እኮ የኪራይ ነው” ትላለች።

ስለዚህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፤ ፊልም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሊቀረጽ እንደሚችል ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ዝናብ ስለነበረ በመጀመሪያ የንጉሡ ቀብር ተቀረጸ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ፣ ቀጥሎ መርዙ። ሠርጉ አበባ የሚያብብበትን ወቅት ይጠብቅ ተባለና ለመጨረሻ ቀረ። አበባው ሲደርስ ነፋስ የቤተ መንግሥቱን ጣሪያ ወሰደው። ጣሪያው ሲሠራ የፊልሙ አዘጋጅ ለሥልጠና ወደ ውጭ አገር ሄደ። አዘጋጁ ሲመለስ ቤተ መንግሥቱ የድርጅትዎ ስብርባሪ ወንበሮች መጋዘን ሆኖ ጠበቀው። ስለዚህ እህቴ ባሏን በሚገባ አልቅሳ ቀብራለች፤ እስካሁን ግን አላገባችም። ምቀኛዋም ጠዋት ጠዋት “ሟቹ መቼ ሊያጭሽ አሰበ?” እያለች ትጠይቃታለች። ሙሽራዪቱ በድርሰቱ ላይ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እህቴ አርባ ሁለት ሞልቷታል። ይህም የውሉ ግድፈት ነው፤ መወፈር ሲከለከል ማርጀት አብሮ መከልከል ነበረበት።

ሁለተኛ፤ ምቀኛዋ ያለ ድርጅትዎ ፈቃድ አግብታ ያለ ድርጅትዎ ፈቃድ ማርገዟን አምነን እንቀበላለን። አዘጋጁም ጥፋቷን በትዕግሥት ሸፍኖላታል፤ በዚያ ዓመት በተቀረጹት ትዕይንቶች ሁሉ ከአንድ ነገር ጀርባ እንድትቆም አደረገ። መጀመሪያ ከምሰሶ፣ ቀጥሎ ከበርሜል፣ ወሯ ሲገባ ከፈረስ ጀርባ። ከፊልሙ ለሙከራ የተቆረጠ ቅንጫቢ በታየ ጊዜ አንድ ጋዜጣ ይህ አደባበቅ የባላንጣዋን ተንኮል እንዴት ረቂቅ አድርጎ እንደገለጸ ሁለት ዓምድ ሙሉ አመሰገነ። ምስጋናው ለአዘጋጁ ደረሰው፤ ለምቀኛዋ ያልደረሳት ከፈረሱ ኋላ ስለነበረች ይሆናል።

ሦስተኛ፤ ንጉሡን የተጫወተው ተዋናይ በእነዚህ ዓመታት በስንትና ስንት ፊልም ላይ ሲሠራ በማየታችን ደስ ብሎናል። ዶክተር ሆኗል፣ ፖሊስ ሆኗል፣ ባለፈው ዓመት ደግሞ ራሰ በራ ሆኗል። እህቴስ ለምን አትሠራም ብዬ ብጠይቅ፣ ንጉሡ ፂም ይለጠፍለታል፤ የንግሥቲቱ ፀጉር ግን አርቴፊሻል ከሆነ ተመልካች ይነቃል ተባልኩ። የድንጋዩ ግንብ ሸራ፣ ዙፋኑ ኮምፔንሳቶ፣ ወርቁ ቀለም ሆኖ ሳለ እውነት ሁሉ በእህቴ ራስ ላይ ብቻ እንዲበቅል መደረጉ ትልቅ ክብር ነው፤ ክብሩ ግን ሲታጠብ አንድ ቀን ሙሉ አይደርቅም።

አራተኛ፤ እህቴ በእነዚህ ዓመታት እምቢ ያለቻቸውን ሚናዎች አልዘረዝርም። አንዲት ነፍሰ ገዳይ ነበረች፤ እህቴ ድርሰቱን ይዛ ለአንድ ሳምንት ወጥ ቤት ውስጥ ስትለማመድ ጎረቤት ፈርቶን ነበር፤ በመጨረሻ ነፍሰ ገዳይዋ ለሌላ ተሰጠች። ያቺ ሌላዋ ዛሬ በመንገድ ስታልፍ ሰው ይከተላታል። እህቴ ስታልፍ ደግሞ ሰው “ይቺ በበጋ ዣንጥላ የምትይዘው ኩራተኛ” ይላል። ኩራት አይደለም፤ የውሉ አራተኛ አንቀጽ ነው።

አምስተኛ፤ ወደ ዛሬው ጠዋት ልምጣ። ምክትልዎ እህቴን በትሕትና ተቀብለው፣ ፊልሙ አልቆመም፣ እያረፈ ነው አሏት። ከዚያም ደስ የሚል ዜና ነገሯት፤ ሠርጉ በሚቀጥለው የአበባ ወቅት ይቀረጻል፤ ሙሽራዋንም የምትጫወት የሃያ ዓመት ልጅ ተገኝታለች። እህቴ እንግዲያው እኔን ልቀቁኝ ብትል፣ “አይ፣ አንቺማ ታስፈልጊናለሽ፤ የልጅቷ ፀጉር አጭር ስለሆነ ከጀርባ የምንቀርጸው አንቺን ነው” አሏት። እትዬ ይህን ስትነግረን አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ በመስታወቱ ፊቷን አየችና ጀርባዋን ለማየት ሞከረች፤ አልቻለችም። ያን ጊዜ ነው እኔ ወረቀት ያነሳሁት።

ከተከበረው ቢሮዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ነገ የሥራ ሰዓት ሳያልቅ “ተፈቅዷል” የምትል አንዲት ቃል። ለሰባት ዓመት ካስጠበቁ እጆች አንዲት ቃል በአንድ ቀን መጠየቅ ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።

ለወገብዎ ምሕረትን፣ ለቤተ መንግሥቱ ጣሪያን፣ ለሟቹ ንጉሥም መልካም ጋብቻን እየተመኘሁ፣ ከፍ ባለ አክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የንግሥቲቱ ታናሽ እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሐሙስ። ደብዳቤውን ትናንት ሳላሽገው አደርኩ፤ እትዬ አንብባ “ቅሬታው ይሂድ፤ ልመናውን ግን ተዪው” አለችኝ። ስለዚህ “የምለምነው” ያልኩትን እንዳልተጻፈ ይቁጠሩልኝ።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን፣ ምክትልዎ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ፣ እኔው እገልጻለሁ። እትዬ ወንበር ወደ መስኮቱ አስጠግታ ተቀመጠች። ፀጉሯን አንድ ጉንጉን አድርጌ ከላይና ከታች በዩኒፎርም ክር አሰርኩት። የጨርቁን መቀስ አነሳሁና “እትዬ፣ ቆርጠሻል?” አልኳት። “ጨርቅ ስትቆርጪ ጨርቁን ትጠይቂዋለሽ?” አለችኝ። ፀጉር እንደ ጨርቅ አይደለም፣ ከመቀስ ይሸሻል፤ ደጋግሜ ነው የቆረጥኩት። መስታወት የያዘችው ምቀኛዋ አለቀሰች፤ እትዬ ማጅራቷን እየዳበሰች ሳቀች። ክስ ካሰቡ መቀሱ የእኔ ነው።

ጉንጉኑን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ለድርጅትዎ እንግዳ ተቀባይ አስረከብኩ። ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ከጀርባ የምትቀረጸው ተዋናይት ናት አልኳቸው፤ መዝግበው ተቀበሉኝ። ለሠርጉ ከእህቴ የፈለጉት በሙሉ በእጅዎ ገብቷል። የቀረውን፣ ፊቷንም ጨምሮ፣ አንድ ቀን አስቀድሜ እስከ ቴአትር ቤቱ በር ሸኝቼ ተመለስኩ።