የእልፍኙን ግድግዳ ስደርብ

ጥቅምት 9፣ ጠዋት

ዕድሜዬ ሰባ አራት። እንጨት እፈልጣለሁ። ላሟን ወንዝ አወርዳለሁ፣ አወጣለሁ። ቡሬ ገበያ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ባጃጅ አልሳፈርም። መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃተኝ፣ ሌላው አለ። አንተ ደብተር የልጄ የየሺ የትምህርት ቤት ትራፊ ነህ። ከፊትህ የሷ ሒሳብ፣ ከኋላህ የኔ ጫር ጫር። ፊደል የኔታ ዘንድ የለቀምኩት ነው። ብትስቅም ጉዳይህ።

ዛሬ የእልፍኙን የሰሜን ግድግዳ መፋቅ ጀመርኩ። ድንጋይ ነው፣ ክንድ ይወፍራል። ውፍረቱ ለብርድ አልበጀም። ሌሊት የጠጣውን ቀን ይተፋዋል።

የሺ ኅዳር መጨረሻ ላይ ትወልዳለች። የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ አስተማሪ ነው፣ የሚኖሩት ፍኖተ ሰላም። ሆስፒታል ትውለድ፣ አራስነቷ ግን እዚህ ነው ብያለሁ። የመጀመሪያ ልጅ አራስነት በናት ቤት ነው። እናት የለችም፣ ቤቱ አለ።

እናቷ በዚያ ግድግዳ ሥር ሦስት ክረምት ስትስል ከረመች። እደርበዋለሁ አልኳት። አልደረብኩትም።

ጥቅምት 12

ሚካኤል። ሥራ የለም። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ጎረቤቴ አንማው ተከተለኝ። አርባ አልሞላውም፣ ክንዱ የበሬ ሻኛ ነው። ደቦ እንጥራልዎ አለ። ጭቃው ትንሽ ነው ብዬ ሸኘሁት።

ላንተ እውነቱን ልንገርህ። ደቦ መልስ ባይጠይቅም፣ ቀን ለሰጠኝ ሰው ቀን ካልመለስኩ አይዋጥልኝም። የሱ ቀንና የኔ ቀን ግን አይተካከሉም። ሰው ማሳ ውስጥ ጉልበቴ ሲከዳኝ ይዩኝ? አልበደርም።

አማቼ፣ የየሺ ባል፣ ደወለ። ነጭ፣ ቀላል፣ እንደ ሰሌዳ ያለ ነገር ከባሕር ዳር ላስመጣ፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል አለ። ምኑ ነው የሚያሞቅ አልኩት። ውስጡ የታሰረው አየር ነው አለ። አየርማ ጭድም ያስራል።

ጥቅምት 17

ከድንጋዩ ስንዝር አርቄ ቋሚ ተከልኩ። የቀርከሃ ፍልጥ በልጥ አሰርኩበት። መሐሉን ባምና ደረቅ ጭድ ጠቀጠቅሁ። አመድ ቀላቀልኩ፣ አይጥና ምስጥ አይወዱትም። ከፊቱ ምርጊት ይቀራል። ጭቃው ጓሮ ተቦክቶ ተኝቷል። በእግሬ ብቻዬን ረገጥኩት። ጉልበቴ ይጮሃል። ይጩህ።

ጥቅምት 24

በቀን አንድ ክንድ ስፋት እለጥፋለሁ። ከዚያ በላይ ጭቃ አላደርስም። በማግሥቱ አጠገቡ እቀጥላለሁ። ጥሩ ይሄዳል።

ወ/ሮ ጥሩዬ መጣች። ጎረቤት ናት፣ እንደኔው ብቻዋን የቀረች፣ አፏ ስለት። ደጃፍ ቆማ አየች። ጭቃ ያንድ ቀን ነው፣ የዛሬው ከትናንቱ አይጋባም አለች። ምን ታውቂያለሽ አልኳት። የቀበሌውን ግድግዳ ግማሹን የመረገች እሷ ናት። ቢሆንም አልኳት።

ጥቅምት 29

የሺ ከባሏ ጋር መጣች። ሆዷ ቀድሟት ገባ። ግድግዳው በየቀኑ ሥራ ድንበር ላይ ተሰንጥቋል፣ ጣት ያስገባል። እሷም ጣቷን አስገባች። ጭድ ተከትሏት ወጣ። ጣቷን ጠረገች። ሻይ ጠጡ።

ስትሄድ በር ላይ፣ “አባባ፣ እዚያው ብሆን ይሻላል። የሱ እናት ከወሎ ትመጣለች” አለችኝ።

እሺ አልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግድግዳው መሐል ወደቀ። መደቡ ላይ። ላራሷ ባዘጋጀሁት። አቧራው እስኪረግፍ ውጭ ቆሜ ቆየሁ።

ጥቅምት 30

አልሠራሁም። ምሳ አልበላሁም። የወሎዋ ሴትዮ ክፉ አይዶለችም፣ ሰርግ ላይ አይቻታለሁ። ግን ልጄ አባት እያላት በሰው እጅ ልትታረስ ነው። ጭቃው አልበደለም። ጭዱም አልበደለም። ለአንድ ሰው የማይሆን ሥራ ነው ብቻዬን የያዝኩ።

ኅዳር 1

አንማው ቤት ሄድኩ። ጥሩዬም እዚያ በቆሎ ትፈለፍላለች። ተቀመጥኩ። ስለ ጤፉ አወራሁ። ስለ ውርጩ አወራሁ። ተነሥቼ ወጣሁ። ከደጅ ተመለስኩና ቀን አበድሩኝ አልኩ።

ጥሩዬ በቆሎውን አስቀመጠች። “አያ ደምለው፣ ብቻዎን የለጠፉት ግድግዳ እርስዎን ነው የመሰለ። አንዱ ካንዱ አይያያዝም” አለች።

አንማው ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ዋጥኩት።

ደቦ አይዶለም፣ ወንፈል ነው አልኩ። ደቦ በልቶ ጠጥቶ ይበተናል፣ ወንፈል ይመለሳል። የሚመጣ ሁሉ በምን እንድመልስለት ይናገር። አንማው ምንም አልፈልግም አለ። በትሬን አነሣሁ። በሉ እንግዲያ ሞፈር ይጥረቡልኝ አለ። ተቀመጥኩ። ጥሩዬ ቀፎ አለች። ጠላውንም እሷ ልትጠምቅ ሆነ። እሱን አልጠየቅኋትም፣ ራሷ ነች ያለች።

ኅዳር 5፣ ማታ

ስምንት ሰው መጣ። አንማው ከሁለት ወንድሞቹ ጋር፣ ጥሩዬ ከሦስት ሴቶች ጋር፣ ጎረቤታችን ቢያድግም አለበት። አጨዳ ጥለው ነው የመጡ። የኔን የተሰነጠቀ ምርጊት በሙሉ አወረዱት። ጨክኜ አየሁ። ወንዶቹ ረገጡ፣ አመላለሱ፣ ሴቶቹ መረጉ። እኔ ጭድ ጠቀጠቅሁ፤ ማንም ዕረፉ አላለኝም፣ ደግ አደረጉ። ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ እርጥቡ በእርጥቡ ላይ። ድንበር የለውም።

ጥሩዬ ጢሜ ላይ ጭቃ አይታ እሱንም እንለቅልቀው ወይ አለች። ቢያድግ ቀልደኛ ነው፣ የሦስት ልጆች አባት። ለኔ አንድ ቀን ጤፍ ይጨዱልኝ አለ። ቤቱ ሳቀ። እኔ ግን ይዣለሁ አልኩ። ያኔ ሳቁ ቀረ።

ኅዳር 17

ደርቋል። ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ወጥታ ነበር፣ ሴቶቹ በእበት ለቀለቋት። ንጋት ላይ ጉንጬን አስጠጋሁ። አይቀዘቅዝም።

ለየሺ ደወልኩ። ግድግዳው ደርሷል አልኳት። ደግሞ ቢወድቅስ አለች። ብቻዬን አልሠራሁትም አልኳት። “እንግዲያ እመጣለሁ” አለች።

ታኅሣሥ 4

ሴት ልጅ። ደኅና ናቸው። ዛሬ ገቡ። የወሎዋ ሴትዮም አብራ መጣች፣ ገንፎ ታውቅበታለች። የሺ እልፍኝ ገብታ ትንሽ ቆይታ ጋቢዋን አወለቀች። እንዴት ነው ብዬ አልጠየቅሁም።

አማቼ ወደ ጎን ወሰደኝ። ለሠሩት ሰዎች ገንዘብ ልስጥ አለ። በአክብሮት ነው፣ አልተቆጣሁም። አይሆንም አልኩ። ዕዳው የኔ ነው፣ የሚከፈለውም በኔ እጅ ነው። እንዳልረሳው እዚህ ላስፍረው።

ለአንማው ሞፈር። እንጨቱን አይቻለሁ።

ለሁለቱ ወንድሞቹ አንዳንድ ቀንበር።

ለጥሩዬ ቀፎ፣ ከቀርከሃ። ጠላዋ ለብቻ ነው። ሁለት ቀፎ።

ለሦስቱ ሴቶች አንዳንድ ዱካ፣ መቀመጫ። አንዷ ከባድ ሴት ናት፣ የሷ እግሩ ወፈር ይበል።

ለቢያድግ አንድ ቀን የጤፍ አጨዳ። ትናንት መጥቶ ቀልዴን ነው፣ ይቅር አለኝ። አይቀርም። ማጭዱን ሞርጄዋለሁ። የሱን አንድ ቀን በሦስት ቀን እከፍለዋለሁ። ነገ እጀምራለሁ።