የስፔኖቹ እርቅ በሐረር

ወዳጄ ሙሜ፣ አሰላሙ አለይኩም። ልጄ ረሂማ የስፔን ኦፔራ መጥቷል ብላ አዳራሽ ወሰደችኝ። ታሪኩን ከድሮ ሥዕሎች፣ ዜማውን ከባላገር ዘፈን ነው ያወጡት አለች። እውነትም ዘፋኞቹ ከግድግዳ ላይ ሥዕል የወረዱ ይመስላሉ። ሲጣሉ እንኳ ይዘፍናሉ!

ሁለት ጎረምሶች ለአንዲት ልጅ ብለው ሰይፍ ሲመዙ ሕዝቡ ዝም ብሎ ያያል። እኛ አገር ሂርና ሽማግሌ ተቀምጦ ደም ይፈሳል? መድረኩ ላይ ወጣሁና እንደ እርቅ ደንባችን ጫቴን ከመሀላቸው አስቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው፣ ይውረዱ!» ትላለች ረሂማ።

«ሰይፍም ጨዋታ አለው?» አልኳት።

ልጆቹ ግራ ገብቷቸው ሰይፋቸውን ከተቱ። አጨባበጥኳቸው፤ አዳራሹም አጨበጨበልኝ። ወርጄ ከመቀመጤ ግን እንደገና ተማዘዙና አንዱ ልጅቷ እቅፍ ውስጥ ሞተ፤ ያውም እየዘፈነ! ወላሂ፣ እኔ ያስታረቅኩት ሰው ተመልሶ ተጣልቶ አያውቅም፤ አንተ ምስክሬ ነህ።

አንገቴን ደፍቼ ስወጣ ሟችና ገዳይ ሸዋ በር ካለ ምግብ ቤት ከአንድ ሳህን ፉል ሲበሉ አገኘኋቸው። አልሀምዱሊላህ፣ እርቄ ዘግይቶም ቢሆን ያዘ።

ካርዱ ጠበበኝ። ቤተሰብህን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ለሽማግሌዎቹ «አልዪ ስፔኖችን አስታረቀ» በላቸው፤ መሀል ላይ አንዱ ሞቶ እንደነበር ግን አታንሳ።

አልዪ