ከወለሉ ሥር ያስሞላሁት ኮንክሪት

ጁን 7
ቀኑን ሙሉ በእድሳት ላይ ባለው ኦፔራ ቤት ውስጥ ፊኛ ሳፈነዳ ዋልኩ። ማፈንዳት፣ ድምፁ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ መለካት፣ መጻፍ... አናጢው ሴቲሚዮ ከመሰላል ላይ ሆነው፣ "ኢንጂነር፣ ይሄ ልደትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉኝ። አርባ አንድ ዓመት እዚህ ሠርተዋል። ሳቅን።

ሙዚቀኞቹ ከሚቀመጡበት ወለል ሥር ያለው ባዶ ቦታ የኮንትራባሶቹን፣ የነዚያን ትልልቅ ቫዮሊኖች፣ ወፍራም ድምፅ ይበላዋል። ስሌቱ እንደዚያ ይላል። በኮንክሪት ይሞላ ብዬ ፈረምኩ። ሴቲሚዮ ሲሰሙ ወረዱ።

"ተይው ልጄ። ኮንትራባስ ሲጫወቱ እዚያ ቆሜ ጉልበቴ ድረስ ይሰማኛል።"

"ጉልበት መለኪያ አይደለም" አልኳቸው። ምን አናገረኝ?

ጁን 21
ኮንክሪቱ ተሞላ። አሮጌው የወለል ሳንቃ ተነስቷል፤ ሴቲሚዮ አዲሱን መምታት ይጀምራሉ።

ኦክቶበር 8
የመጀመሪያው ልምምድ። ቫዮሊኖቹ ጥሩ። ኮንትራባሶቹ ገቡ... ምንም። ቀስቱ ሲሄድ ይታያል፣ ድምፁ እግራቸው ሥር ይሞታል። የሙዚቃው መሪ አቆመ። "ባሶቹ የት ሄዱ?"

ቤት ገብቼ የጁኑን ልኬት እንደገና አየሁት። ድምፁን ሲበላ የነበረው የላላው አሮጌ ሳንቃ ነው። ባዶው ቦታ ያጎላው ነበር። እኔ ደፈንኩት።

ኦክቶበር 11
ስብሰባ። የእድሳቱ ኃላፊ ጓልቲዬሮ፣ "ችግሩ ሳንቃው ነው። ሽማግሌው እርጥብ እንጨት ነው የመቱት" አለ። ሴቲሚዮ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከንቲባዋ ወደ እኔ ዞረች።

"ኢንጂነር ሌዳ፣ ሊሆን ይችላል?"

"ሊሆን ይችላል" አልኩ።

ሴቲሚዮ አዩኝ። ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ ተባለ።

ኦክቶበር 14
"ሊሆን ይችላል" ውሸት ነው? ... ነው።

ኦክቶበር 16
ገበያ። የሴቲሚዮን ሚስት ኢዮሌን አገኘኋቸው። የማያውቁኝ መስለው ቢያልፉ በወደድኩ። ክንዴን ያዙኝ።

"የተረፈውን ሳንቃ ጓዳ ደርድሮ ሲያሸት ነው የሚውለው። ‹እርጥብ ነበር እንዴ ኢዮሌ፣ አፍንጫዬ አረጀ እንዴ?› ይለኛል። እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ እስኪ ይንገሩት።"

"እርጥብ አልነበረም" አልኩ።

"ታዲያ ምንድነው?"

ቸኩያለሁ ብዬ ሄድኩ። ቸኩያለሁ!

ኦክቶበር 18
ከንቲባዋ ዘንድ ገባሁ። "ሳንቃው ደረቅ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮንክሪቱ መውጣት አለበት።"

መነጽሯን አወለቀች። "ስብሰባው ላይ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ከሥራው ተነሳሁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሴቲሚዮ ቤት። ራሳቸው ከፈቱልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እዚያው ደጃፉ ላይ።

"ስህተቱ ምንም አይደለም" አሉ። "እኔም ስንት ሳንቃ አበላሽቻለሁ። ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ራሴን ስጠራጠር... አንቺ ታውቂ ነበር።"

በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

ዲሴምበር 9
ኮንክሪቱ ወጥቷል። የኦፔራ ቤቱ መክፈቻ ለፋሲካ ተላልፏል። ሴቲሚዮ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ አዲሱ መሐንዲስ እሳቸውን ሳይጠይቅ ምስማር አያስመታም አሉ። ዛሬ በዚያ ሳልፍ ልምምድ ነበር። መንገድ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ኮንትራባሶቹ ሞልተው ይወጣሉ።

ሴቲሚዮ በጎን በር ብቅ አሉ። ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ።

"እንደምን ዋሉ፣ ሲኞራ።"

‹ልጄ› ቀረ፤ ሲኞራ፣ እመቤት፣ እንደማንኛዋም መንገደኛ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ።