ከመርዶው የቀደመች ሻማ

ኅዳር 9

ቲክቶክንም ፌስቡክንም ከስልኬ አጠፋሁ። ትናንት አንድ ቻይናዊ ሊጥ ሲያሽ እያየሁ፣ እማዬ «ጠብቂ» ያለችኝ ወጥ አረረ። እማዬ ጮኸች፤ እሱስ ለምዶብኛል። የከነከነኝ አያቴ፣ አባባ ትእዛዝ፣ ያሉት ነው። «ማህሌት የት ሄደች?» አሉ። አጠገባቸው ተቀምጬ።

ኅዳር 11

ጊዜው አልሄድ አለ። አውራ ጣቴ ስልክ በሌለበት ትንሸራተታለች… ጎረቤታችን እትዬ በለጠች ጥጥ መፍተል ሊያስተምሩኝ ተስማሙ። «ይኼ ክር ነው ወይስ የበሬ ገመድ?» አሉኝ። ይበሉ። እሳቸው ግን እንዝርታቸውን ጥለው ፌስቡክ ላይ ናቸው። የከፈትኩላቸው እኔው ነኝ፤ ሐዋሳ ያሉትን ወንድማቸውን፣ ጋሼ ማሩን፣ እንዲያዩ ብዬ። አሁን ያገኙትን ሁሉ ላይክ ያደርጋሉ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ሳይቀር። እኔ ስወጣ እሳቸው ገቡ።

ኅዳር 12

አባባ ወንፊት ሊዋሱ ጎረቤት ሄዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። መጀመሪያ ስለ ጤና፣ ቀጥሎ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው… ወንፊቱ ላይ እስኪደርሱ እግሬ ደነዘዘ። አባባ ኔትወርክ የላቸውም። ሰፈሩ ደግሞ መርዶ ንገሩልን የሚለው እሳቸውን ነው። በዚህ ፍጥነት?

ኅዳር 16

ጋሼ ማሩ አረፉ። ድንገት። ቀብራቸው እዚያው ሐዋሳ ከተፈጸመ በኋላ ነው ለአባባ የተደወለው። እትዬ አያውቁም። ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። «ዛሬ ራቷን ትብላ፤ ትተኛ። ሲነጋ እንነግራታለን» አሉ አባባ። በእኛ አገር መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሰው ከቦ።

ትንሽ ቆይቶ ጓደኛዬ ሶስና እየሮጠች መጣች፤ ስልኳን አሳየችኝ። የጋሼ ማሩ ልጅ ኪዳኔ የአባቱን ፎቶ ለጥፏል፣ ከነሻማው። «ነፍስህን ይማር አባቴ።» እትዬ ይኼን ብቻቸውን ሊያዩት ነው? ምን ዓይነት ልጅ ነው? የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት።

እትዬ ቤት ስደርስ ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፤ መነጽር ይፈልጋሉ።

«እትዬ፣ እስቲ ይስጡኝ… ውይ፣ ይኼ ስልክ ግሏል።»

«ምን ነካው?»

«ብዙ አይተውበት ደክሞታል። እስኪነጋ ይረፍ።»

«እንደኔ አርጅቷላ» ብለው ሰጡኝ። አጥፍቼ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያስ? ጥያቸው መሄድ አልቻልኩም። እንዝርት አነሳሁ። «ማሩ እኮ ልጅ ሆኖ በቅሎ ላይ ፊቱን ወደ ጅራቷ አዙሮ ነበር የሚቀመጥ። ‹ያለፍነውን አገርስ ማን ይየው?› ይላል» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። «ለገና ይመጣል። ታይዋለሽ።»

ክሩ ተበጠሰብኝ። ራት አብረን በላን። አጎረሱኝ።

ኅዳር 17

ጎህ ሲቀድ ሄድን። ሽማግሌዎቹ ጋቢ ተከናንበው፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እኔ ውሃ ይዤ። እትዬ በሩን ከፈቱ። አባባ እንደ ልማዳቸው ጀመሩ። ደህና አደርሽ? ጤናሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? በየጥያቄው መሃል ሴቶቹ ጠጋ፣ ጠጋ ይላሉ። እትዬ «ይመስገን… ይመስገን…» ይላሉ፤ ድምፃቸው ግን እያነሰ፣ ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ።

«ማሩ ነው?» አሉ ራሳቸው።

«አዎ፣ ልጄ።»

ሲወድቁ መሬት አልነካቸውም። ያን ሁሉ እጅ አባባ መች አስጠግተውት ነው? እኔ በአባባ ዝግታ ስስቅ የኖርኩ…

ኅዳር 21

ሰልስቱ አለፈ። ስልኩን ለእትዬ መለስኩ፤ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ኪዳኔን የሰደብኩትን ጭምር። ሻማዋን ከፍተው አዩ።

«ለማን ይንገር፣ ልጄ? እናቱ የለች፣ ወንድም የለው። እኔን እናንተ ስትደግፉኝ እሱን ማን ያዘው?»

አባቱ እንደሞተበት እኮ አንዴም አላሰብኩ። ከሐዘን ፍራሽ ሳይነሱ ያሰቡለት እሳቸው ናቸው።

«ነገ እሄዳለሁ» አሉ። አባባ ሊከለክሏቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ፊታቸውን አይተው ተዉት።

ኅዳር 22

እትዬን መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ከመሄዳቸው በፊት የኪዳኔን ቁጥር ተቀበልኩ። አውቶቡሱ ሲወጣ ደወልኩ።

«ማህሌት ነኝ፣ የአክስትህ ጎረቤት። ደህና አደርክ?»

«ደህና።»

«ቁርስ በላህ?»

«ገና።»

«አጠገብህ ማን አለ?»

«ማንም።»

«አክስትህ ወዳንተ እየመጡ ነው። መንገድ ላይ ናቸው።»

ከዚያ አለቀሰ። ካርዴ እስኪያልቅ አልዘጋሁም።