አዲሱ ዊንዶውስ ቆቦ የገባ ሳምንት

ሰኞ

ፎርማት አደረጋቸው! አሥራ ሁለቱንም! ቅዳሜና እሁድ ማንንም ሳይጠይቅ ኮምፒውተር ክፍሉ ገብቶ፣ አሮጌውን ዊንዶውስ አጥፍቶ አዲሱን ጭኖባቸዋል። ሰይድ ነው፤ ሌላኛው የአይሲቲ መምህር። በትምህርት ቤቱ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

“የዊንዶውስ አሥር ድጋፍ እኮ ከጥቅምት ጀምሮ ቆሟል። ወላሂ ለደህንነቱ ብዬ ነው” ይለኛል። የማን ደህንነት? ማሽኖቹ ያረጁ ናቸው። አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ “አልቀበላችሁም” ይላቸዋል፤ እሱ ግን በፍላሽ አታልሎ አስገባው። አሁን አንዱ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት! መብራቱ ደግሞ መጣ ሲሉት ይሄዳል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። በዋጃ በኩል ካለ ገጠር የምትመጣው ሐዋ እስካለፈው ወር ድረስ ማውስ ነክታ አታውቅም። ያለቻትን አንዷን ሰዓት ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ትጨርሳት? ተናድጄ ምሳም አልበላሁ።

ማክሰኞ

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ተካሰስን። አቶ ፈንታው ሁለታችንንም ሰምተው “ኮሚቴ ይቋቋም” አሉ። ኮሚቴ! ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ልጆቹ ተፈትነው ይጨርሳሉ።

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን እንጫን አልኩ። ነፃ ነው፤ አሮጌ ማሽን አያስጨንቅም፤ የፈተናው መለማመጃ እንደሆነ በብራውዘር ነው የሚከፈተው። ሰይድ ሳቀ። “ቆቦ ውስጥ ሊኑክስ የሚያውቅ ማን አለ? አንቺና ማን?” አለ፣ ሰው ፊት። ደሜ ፈላ። አቶ ፈንታው ግራ ቢገባቸው “በቃ፣ ስድስት ስድስት ተካፈሉ” ብለው አሰናበቱን። እንደ ውርስ መሬት!

እነዚያ የዊንዶውስ አምራቾች ደግሞ አሉ። አንዱን ሳንለምደው ሌላ ያወጣሉ። ድጋፍ የሚያቆሙበትን ቀን ሲቆርጡ የኛን ፈተና ማን ይነግራቸዋል? እነሱ ይሽቀዳደማሉ፣ እኛ ከኋላ አቧራውን እንቅማለን።

ረቡዕ

ስድስቱ ላይ ሊኑክስ ገባ። ሰዓት ይዤ ከፈትኩት፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አልሞላም! እልል ልል ምንም አልቀረኝም። የአማርኛ ፊደል ጎድሎት ስለነበር የክፍሉን ዋና የኢንተርኔት ገመድ ሰክቼ አወረድኩለት።

ሐዋ ሃያ ጥያቄ ሠራች። “ቲቸር፣ ይቺኛዋ ትሰማለች” አለችኝ። ሰይድ በር ላይ ቆሞ አየና ሄደ። እሰይ! ይረር!

ሐሙስ

ጠዋት የሰይድ ክፍለ ጊዜ ነበር። ልጆቹ እየሠሩ የሱ ስድስቱ ማሽኖች በራሳቸው አፕዴት ጀመሩ። “እንዳታጠፉኝ” የሚል ጽሑፍ ብቻ። አራት ሰዓት ላይ መብራት ድርግም! ሲመለስ አራቱ አልተነሱም።

አቶ ፈንታው መጡ። ተማሪ ፊት፣ “ሰይድ፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል እንዳትገባ። ቁልፉ ብርቱካን ዘንድ ይሁን” አሉት። አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ልቆልፍ ስል ገመዱን አየሁት። እንደተሰካ ነው። ሰኞ ስንጨቃጨቅ፣ “የነቀልኩት አፕዴት እንዳይጎትት ነው፣ እንዳትሰኪው” ብሎኝ ነበር። በንዴት መች ሰማሁት! ትናንት ሰክቼ፣ ሳልነቅል ሄድኩ። ወይኔ ብርቱካን! አራቱን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ማንም ስላልጠየቀኝ ዝም አልኩ።

ዓርብ

አርባ ልጅ ለስምንት ማሽን ተጋፋ። ክፍሉ ምድጃ ሆነ። ሐዋ ተራ ሳይደርሳት መብራት ሄደ። “ምንም አይደል፣ ቲቸር” ስትለኝ ፊቷን ማየት አቃተኝ።

ሰይድን ከጁምዓ ሲመለስ በር ላይ ጠበቅሁት።

“ገመዱን የሰካሁት እኔ ነኝ” አልኩት።

“አውቃለሁ፤ ትናንት አይቼዋለሁ” አለኝ።

“ታዲያ አፍህ ተለጉሞ ነበር? እንደዚያ ሲያዋርዱህ!” ጮኽኩበት። ጥፋተኛዋ እኔ፣ ጯኺዋም እኔ!

“እኔ አንዴ ተከለከልኩ” አለ ቀስ ብሎ። “አንቺንም ቢጨምሩሽ ክፍሉ ተቆለፈ ማለት ነው። ልጆቹ የት ሄደው ይለማመዱ?”

ሳምንቱን ሙሉ ስረግመው የከረምኩት ይሄንን ሰው ነው? በሰውም በማሽንም ሲነድደኝ ከርሞ፣ ዛሬ ንዴቱ ዞሮ እኔው ላይ ወደቀ።

ቅዳሜ

አቶ ፈንታው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

“ሰኞ ልምምዱ ስንት ሰዓት ነው?” አሉኝ።

“ሁለት ሰዓት።”

“ቁልፉን አንሺው። ሁለታችሁም አንድ ተኩል ላይ ተገኙ” ብለው ወደ ወረቀታቸው ዞሩ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት ከሰይድ ጋር የሞቱት አራቱ ላይ ሊኑክስ ጫንን። ሦስቱ ተነሱ፣ አንዷ አሻፈረኝ አለች። “ይቺ የኔን ዊንዶውስ ናፍቃ ነው” አለ። “አፍህን ዝጋ አቦ!” አልኩት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ይቅርታ ግን እስካሁን አላልኩትም። ጮኽኩበት፣ አብሬው ሳቅኩ፤ ቃሏ ግን አልወጣ አለችኝ። ሰኞ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት እለዋለሁ። መብራት ባይኖርም እለዋለሁ።