ሕንፃ ወደ መሬቱ ይሄዳል፦ አቶ ወልደመስቀል ገበየው (1961–2017 ዓ.ም.)

አቶ ወልደመስቀል ገበየው በ1961 ዓ.ም. በወላይታ ሶዶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙት አናጢ አቶ ገበየው፣ እናታቸው ደግሞ የዲምቱ ተወላጇ ወይዘሮ ጣፈጠች ዳልጮ ነበሩ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያው ወልደመስቀል፣ ተከታያቸው አቶ ትርፌ፣ የመጨረሻዋ ይህን የጻፈችው ፈጠነች ናት። ሁለቱ ወንድማማቾች ባንድ አልጋ ተኝተው ስላደጉ፣ ሰፈሩ አንዱን ሲጠራ ሁለቱም አቤት ይሉ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሶዶ ከተማ ተከታትለው በ1982 ዓ.ም. በሕንፃ ንድፍ በዲፕሎማ ተመረቁ። አቶ ትርፌም ቅየሳ አጠኑ። አባታችን አንዱ ልጄ መሬቱን ይለካል፣ አንዱ ቤቱን ይነድፋል፣ እኔ ጣራውን እመታለሁ እያሉ ላገኙት ሰው ሁሉ ይተርኩ ነበር። እንዲህ ሲሉ ኖረው በደስታ አለፉ፤ የኋላውን አለማየታቸው ደግ ነው።

አቶ ወልደመስቀል በመንግሥት መሥሪያ ቤት በነዳፊነት ካገለገሉ በኋላ በ2002 ዓ.ም. በሶዶ መናኸሪያ አካባቢ የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ሥራው ከእርሳስና ከማስመሪያ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር፣ በአርባ ዓመታቸው ከወጣቶች እኩል ተቀምጠው ተማሩ። የሚታወቁትም በማናበብ ነበር። በኮምፒውተር የተሠራው ሕንፃ፣ ቀያሽ ከሜዳ ለክቶ ካመጣቸው ነጥቦች ጋር ካልተናበበ ቤቱ የሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ሊቆም ይችላል። ነገሩ ላልገባው ሁሉ፣ ሕንፃ ወደ መሬቱ ይሄዳል እንጂ መሬት ወደ ሕንፃው አይመጣም ይሉ ነበር። ጠማማ ነገር አይወዱም፤ ለሠርግ ተጠርተው እንኳ ጠረጴዛውን ሳያቃኑ እህል አይቀምሱም። በ1988 ዓ.ም. ከወይዘሮ ብርቄ ጋር ጋብቻ መሥርተው ቤዚንና ዳልጮን አፍርተዋል፤ ለልጆቻቸው የሚሳሱ አባት ነበሩ።

እዚህ ላይ የሞተ ሰው ክፉ አይነሳም የሚል ይኖራል። እኔ ግን እህት ነኝ፣ ቀብር ላይ አልዋሽም።

በ2010 ዓ.ም. በበዴሳ ለሚሠራ አንድ የእህል መጋዘን መሬቱን አቶ ትርፌ ቀየሱ፣ ሕንፃውን አቶ ወልደመስቀል ነደፉ። ነዳፊ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ እንዲታየው ሕንፃውን በኮምፒውተሩ ላይ ያዞረዋል፤ ወደ ሜዳ ከመሄዱ በፊት ግን ወደ እውነተኛው ሰሜን መመለስ አለበት። ታላቅየው ታናሼ ይመልሰዋል ብለው ላኩ፤ ታናሽየው ወንድሜ መልሶታል ብለው ችካል ተከሉ። አንድ ስልክ ቢደዋወሉ ኖሮ ነገሩ ባለቀ። መሠረቱ ከተቆፈረ በኋላ አንዱ ማዕዘን የጎረቤት ማሳ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ጉድጓዱ ተሞልቶ እንደገና ተቆፈረ፤ መጋዘኑም ዛሬ ድረስ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወንድሞቼ በሠራተኛ ፊት በቃል የቆፈሩትን ጉድጓድ ግን ማን ይሙላው? ታላቅየው ታናሹን መሬት ማንበብ የማይችል አሏቸው። ታናሽየውም አንተ ሰሜንህን የጣልክ ነህ ብለው መለሱ። በዚያው ተለያዩ።

በየዓመቱ የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲደርስ፣ የተጣላ ታርቆ አዲሱን ዓመት ይሻገር ብለው ሽማግሌዎች ወደ ሁለቱም ደጅ ይሄዱ ነበር። አቶ ወልደመስቀል እሱ ይምጣ ይሉ ነበር። አቶ ትርፌም እንዲሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እያልኩ ስለፈልፍ ከረምኩ፤ ሰሚ አላገኘሁም። የማንንም ሕንፃ ከማንም መሬት ጋር ያናበቡ ሰው ከገዛ ወንድማቸው ጋር ሳይናበቡ ቀሩ። ይህ ያንገበግበኛል።

አቶ ወልደመስቀል ካለፈው ጥር ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲረዱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸው ቤዚ አጎቷን ልትጠራ ስትነሳ ከለከሏት። በቂም አልነበረም። እሱ አይመጣም፣ ሂያጁ እኔ ነኝ፣ እግሬ ሲጸና ለጊፋታ ደጁ እደርሳለሁ ብለው ነበር። ጫማቸውን ሳይቀር አስጠርገው ከአልጋው ሥር አስቀመጡ። ጊፋታ ሳይደርስ፣ ረቡዕ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሊሄድ ሲል ከቤተ ክርስቲያን መልእክት መጣ። አቶ ትርፌ ሜትርና ሲባጎ ይዘው ከእናታችን መቃብር አጠገብ ተንበርክከው ነበር። የወንድማቸውን መቃብር ሊቆፍሩ የመጡትን ቆዩ ብለው ምሥራቁን ራሳቸው አይተው፣ አራቱን ችካል በገዛ እጃቸው ተከሉ። ቤዚም የአባቷን ቃል እዚያው ነገረቻቸው። ሲባጎውን እንደያዙ ብዙ አለቀሱ አሉ።

አቶ ወልደመስቀል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ብርቄን፣ ልጆቻቸውን ቤዚንና ዳልጮን፣ እህታቸውን ፈጠነችንና ወንድማቸውን አቶ ትርፌን ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ቂም በማይደርስበት ስፍራ ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ቶሎ የሚታረቅ ልብ ይስጠን።

ሂያጁ እኔ ነኝ እንዳሉት፣ አቶ ወልደመስቀል ዛሬ በስድስት ሰዓት ወንድማቸው ወደለኩላቸው ቦታ ይሄዳሉ።