የኒዮን አጭር ዕድሜ

ኅዳር 4፣ ጠዋት 2፡30
ደ/ማርቆስ። መብራት አለ። ኮምፒውተሩ ያንኑ መልስ ሰጠኝ፤ ለሦስተኛ ጊዜ። የተነቃቃው የኒዮን ኒውክለስ ዕድሜ፣ አማካሪዬ ዶክተሩ ድሮ ካሳተሙት በግማሽ ያንሳል። መረጃው ከውጭ ቤተ ሙከራ የመጣ፣ ትንተናው የኔ። አ.አ. ደወልኩላቸው። "መጀመሪያ የኔን ቁጥር አግኚ፣ ከዚያ እናወራለን" አሉ። ጥናቴን ፈታኞች ፊት የማቀርብበት ዲፌንስ በሁለት ሳምንት። ያለ እርሳቸው ፊርማ ማስተርስ የለም። ደብተሬ፣ ልክ ነኝ። ለምን እንደሆንኩ ብቻ አላውቅም።

ኅዳር 9፣ እሑድ
ይጁቤ፣ አባባ ቤት። ከቅዳሴ መልስ። አባባ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እንደ ተማሪዎቻቸው ያፋጥጡኛል።
"ምንድን ነው የምትለኪው?"
የአቶሙ እምብርት፣ ኒውክለሱ፣ ሲመታ ይነቃቃል፣ ጨረር ለቅቆ ይረጋል፤ በመካከል የሚቆይባትን ጊዜ ነው አልኳቸው። የዓይን ጥቅሻ ከእሷ አንጻር ዘመን ነው።
"በምን ሰዓት ትለኪያታለሽ ታዲያ?"
ሰዓት የለም። ኒውክለሱ እየሮጠ ወርቅ ውስጥ ይገባል፤ ወርቁ ያዘገየዋል። ሳይቆም ከለቀቀ የጨረሩ ጉልበት ይለወጣል፤ ቆሞ ከለቀቀ አይለወጥም። ከለውጡ ዕድሜው ይሰላል።
አሰቡና፣ "መነቃቃት የጀመረበትን በምን አወቅሽ?"
"እንደተመታ ነዋ!"
"ሁሉም?"
ደብተሬን አውጥቼ ጥያቄውን ጻፍኩት።

ኅዳር 10
በጠዋት ሚኒባስ ተመለስኩ። አገኘሁት! ሁሉም አይደሉም። በኃይለኛ ምት ከፊሎቹ ከፍ ወዳለ የጉልበት ደረጃ ይወጣሉ፤ እዚያ ቆይተው ነው እኔ ወደምለካው ደረጃ የሚወርዱት። በዶክተሩ የድሮ ሙከራ ምቱ ኃይለኛ ነበር፤ የላይኛው ቆይታ ከታችኛው ዕድሜ ጋር ተደመረ። በኔ መረጃ ምቱ ደካማ ነው፤ ወደ ላይ የወጣ የለም። ያንን ቆይታ ብጨምርበት ቁጥራቸው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ብቻዬን ቢሮ ውስጥ አጨበጨብኩ።

ኅዳር 12፣ አ.አ.
ደጀን ላይ በቁርስ ሰዓት ስሌቱን ደግሜ አየሁት። ከሰዓት ዶክተሩ ቢሮ። "የቀድሞው ልኬት ስህተት" የሚል ርእስ ያለውን ወረቀቴን ሰጠኋቸው። ፊታቸው ጠቆረ። "ነገ ተመለሽ።" ወረቀቱን አስቀሩት።

ኅዳር 13
በእጃቸው ደግመው አስልተውታል፤ ጠረጴዛው በወረቀት ተሞልቷል። "ልክ ነሽ" አሉኝ። ፈረሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "'ስህተት' የምትለዋ ቃል ግን..." አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው። አንጀቴን በሉት።
ወሰንኩ። "ስህተት" ትውጣ፣ "ያልታሰበ መዘግየት" ትግባ። ቁጥሩ ግን አይነካም። ማክሰኞ 3 ሰዓት፣ ዲፌንሱ ላይ፣ እርሳቸው ፊት፣ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ።